ሪፖርቱ አረንጓዴ ነው፣ ሠራተኛው ግን ደብተሩን አልጣለም፤ ምን ላድርግ?

አስተባባሪዋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

የምሠራው በአንድ ትልቅ ድርጅት የጥገና ክፍል ነው። ከአምስት ወር በፊት የሥራ ትዕዛዝና የሽፍት ርክክብ ከወረቀት ወደ ታብሌት ገባ። ፕሮጀክቱን የማስተባብረው እኔ ነኝ። ሥልጠና ሰጠን። መመሪያ አዘጋጀን። ችግር ሲገጥማቸው የሚደውሉለት ሰው መደብን። ትልቁ ኃላፊ ራሳቸው ወርደው ንግግር አደረጉ። በየሳምንቱ በሚወጣው ሪፖርት ላይ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለማንም ሳልናገር ወደ ማታው ሽፍት ወረድኩ። ታብሌቶቹ ቻርጀር ላይ እንደተሰኩ ናቸው። ቴክኒሻኖቹ ሥራውን ሁሉ የሚጽፉት ጠርዙ ዘይት በጠጣ ደብተር ላይ ነው። ሽፍቱ ሊያልቅ 20 ደቂቃ ሲቀረው አንድ ልጅ ታብሌቱን ይዞ ቁጭ ይልና ከደብተሩ እያየ የሁሉንም ይሞላል። ያ አረንጓዴ ሪፖርት የሚሠራው በእነዚያ 20 ደቂቃዎች ነው።

ለአለቆቼ ስነግራቸው መልሱ አጭር ነበር። «ሰው ለውጥ አይወድም። ደብተሩን ሰብስቢው፣ ይለምዱታል።» ልቤ ግን አልፈቀደም። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አይደሉም። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ለመጻፍ የመረጡት ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ማኅበራዊ ሳይንስ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ እንደደከመ አውቃለሁ። ያነበባችሁትም፣ በሥራ ላይ የሞከራችሁትም ካለ አካፍሉኝ። ደብተሩን ልሰብስብ ወይስ ልተወው?

የንባብ ሰው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:15

እህቴ፣ እባክሽ ደብተሩን እንዳትነኪው። ቢያንስ ለጊዜው።

የድርጅት ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ ከምነግራቸው ታሪክ ልጀምር። (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ማሪዮን በምትባል ከተማ ሃርዉድ የተባለ የፒጃማ ፋብሪካ ነበር። ሠራተኛው የሚከፈለው በሠራው ቁጥር ነው። አሠራር በተቀየረ ቁጥር ምርት ይወርዳል፣ ቅሬታ ይበዛል፣ ሰው ይለቃል። ሌስተር ኮችና ጆን ፍሬንች ይህንን በሙከራ አጥንተው በ1948 አሳተሙት።

አንዱ ቡድን ልክ እንደ እናንተ ቴክኒሻኖች ነው የተያዘው። ስብሰባ ተጠራ፣ ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ ተነገረ፣ ጥያቄ ተመለሰ፣ ከዚያ ወደ ሥራ። በ40 ቀን ውስጥ ከቡድኑ 17 በመቶው ለቀቀ። ምርቱም ወርዶ እዚያው ቀረ። ሌላው ቡድን ተወካዮቹን መርጦ በአዲሱ አሠራር ንድፍ ላይ አስገባ። ሁለት ቡድኖች ደግሞ አባሎቻቸው በሙሉ ገቡበት። በእነዚህ በሦስቱ ውስጥ በዚያ ጊዜ የለቀቀ ሰው አልነበረም። ሁሉም የተሳተፉባቸው ሁለቱ ቡድኖች ቶሎ አገግመው የቀድሞ ምርታቸውን አለፉት።

እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ካልተሳተፈው ቡድን የቀሩትን 13 ሰዎች ከሁለት ወር ተኩል ገደማ በኋላ እንደገና ሰበሰቧቸው። ሌላ አዲስ ሥራ ተሰጣቸው፤ በዚህኛው ግን ሁሉም ከንድፉ ጀምሮ ገቡበት። እነዚያው ለውጥ አይወዱም የተባሉት ሰዎች ሥራውን በፍጥነት ያዙት። ማንም አልለቀቀም። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው አያያዙ ነው።

ስለዚህ «ሰው ለውጥ አይወድም» ሲሉሽ አትቀበዪ። ሰው የማይወደው ሳይጠየቅ የሚያጣውን ነገር ነው። የእናንተ ሰዎች ምን እንዳጡ እስካሁን አልነገርሽንም። እዚያ ጀምሪ።

አንድ ሥራ አስኪያጅ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

በቅንነት ልናገር። እኔ ከዚያ ከሌላው ወገን ነኝ። ከ60 ሰው በላይ አስተዳድራለሁ። ሁሉን ሰው እየጠየቅን መቼ እንሠራለን? ድርጅቱ ገንዘብ አውጥቷል፣ ቀን ተቆርጧል። ሁሉ የራሱን ሐሳብ ይዞ ሲመጣ ሥራው ይቆማል። ደግሞ ከለውጥ ፕሮጀክቶች 70 በመቶው ይከሽፋል ይባላል። በዚህ ላይ ተጨማሪ ስብሰባ ምን ይፈይዳል?

ኩርት ሌዊን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስለ ለውጥ ያለውንም ቢሆን በሥልጠና የተማርነው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የቀዘቀዘውን ታቀልጣለህ፣ ትቀይራለህ፣ መልሰህ ታቀዘቅዛለህ። ደብተሩ እስካለ ድረስ ምንም አልቀለጠም። ይሰብሰብ ባይ ነኝ።

የማታ ተረኛ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:05

ሰላም። ነርስ ነኝ፣ ቀዶ ጥገና ክፍል። ሳይንሱን እንደ የንባብ ሰው አልተነትንም፤ ያየሁትን ልናገር።

ከዓመታት በፊት የምሠራበት ቦታ የቀዶ ጥገና ማረጋገጫ ዝርዝር ገባ። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ባለ 19 ነጥቡ ነው። ሦስት ቦታ ላይ ቆም ትላላችሁ፦ ማደንዘዣ ሳይሰጥ፣ ቆዳ ሳይቀደድ፣ ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ። ከነጥቦቹ አንዱ ሁሉም ሰው ስሙንና ሥራውን ይናገር ይላል። እኛ ጋ የመጣው በደብዳቤ ነው። «ከሰኞ ጀምሮ ተግባራዊ ይሁን።» ሰኞ ዕለት ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ሳለ እኔ ብቻዬን ጥግ ላይ ቆሜ 19ኙንም ራይት አደረግኳቸው። ማንም ቆም አላለም። ማንም ስሙን አልተናገረም። ወረቀቱ ግን ሙሉ ነው። ያንን ቀን ሳስታውስ አሁንም ይከብደኛል።

ቆይቼ ሳነብ እኛ ብቻ እንዳልሆንን አየሁ። በ2009 የወጣው ጥናት በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች የተሠራ ነበር። ዝርዝሩ ከገባ በኋላ ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። በ2014 ደግሞ ከካናዳ፣ ከኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር 101 ሆስፒታሎች የተጠኑበት ወጣ። እዚያ ዝርዝሩ በግዴታ ነው የገባው። ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተገኘም። ለምን እንደሆነ ባለሙያዎቹ ብዙ ተከራክረውበታል። እኔ ግን ሳነበው ያቺ ሰኞ ነች ፊቴ ላይ የመጣችው።

እኛ ጋ የተለወጠው አንዲት የማደንዘዣ ባለሙያ ከአንዱ ቡድን ጋር ሆና ዝርዝሩን አብረን ስናርመው ነው። ሁለት ነጥብ አወጣን፣ አንድ ጨመርን። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ራሱ «ቆይ፣ ቆም አላልንም» ማለት ጀመረ።

አስተባባሪዋ፣ ያ ታብሌት የሚሞላው ልጅ እኔ ነኝ። በዚያ ዓይን እዪው።

የንባብ ሰው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

የማታ ተረኛ፣ ስላካፈልሽን አመሰግናለሁ። ነገ ክፍል ውስጥ አነሳዋለሁ።

ወንድሜ ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለት ነገር ልመልስልህ፤ በክብር ነው።

አንደኛ፣ ያ 70 በመቶ። ማርክ ሂዩዝ የሚባል ተመራማሪ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ተከታትሎ በ2011 ጽፎበታል። ያገኘው አንዱ ሌላውን እየጠቀሰ የሚዞር አባባል ነው፤ ከጀርባው አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ኃላፊዎች «እንደሚከሽፍ የታወቀ ነው» ብለው ገና ሳይጀምሩ ሠራተኛውን በጠላት ዓይን ያዩታል።

ሁለተኛ፣ ኩርት ሌዊን። ያ ማቅለጥ፣ መቀየር፣ ማቀዝቀዝ በ1947 ጽሑፉ ላይ በጥቂት አንቀጾች ብቻ ያለፈበት ነገር ነው። በዚያው ዓመት ነው ያረፈው። እንደ ዋና ንድፈ ሐሳቡ ተደርጎ የተስፋፋው እሱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ይህንን ከሚንግስ፣ ብሪጅማንና ብራውን በ2016 በዝርዝር አሳይተዋል።

ሌዊን ዕድሜውን የሰጠው ለሌላ ነገር ነው። አንድ አሠራር ባለበት የሚቆመው የሚገፋ ኃይልና የሚይዝ ኃይል ስለተመጣጠኑ ነው ይላል። ልክ ከጀርባው ወንበር እንደተደገፈ በር። አብዝተህ ስትገፋ በሩ ትንሽ ይከፈት ይሆናል፤ ግን ውጥረቱ ይጨምራል፣ ስትለቅ ተመልሶ ይዘጋል። ገብተህ ወንበሩን ብታነሣው በሩ በጣት ይከፈታል። ንግግር፣ መመሪያ፣ ደብተር መሰብሰብ፣ እነዚህ ሁሉ መግፋት ናቸው። ወንበሩ ምን እንደሆነ ማንም አላየም።

ሥልጠናን በተመለከተም አንድ ሙከራ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቤት እመቤቶች ያልለመዱትን ኩላሊትና ልብ እንዲያበስሉ ይፈለግ ነበር። ገሚሶቹ ጥሩ ንግግር ሰሙ። ገሚሶቹ ተወያይተው በመጨረሻ እጅ አውጥተው ወሰኑ። ንግግር ከሰሙት 3 በመቶ፣ ተወያይተው ከወሰኑት 32 በመቶ ሞከሩት። የተነገራቸው መረጃ ተቀራራቢ ነው።

አንድ ሥራ አስኪያጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:50

የ70 በመቶውን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። በየስብሰባው ስጠቅሰው ኖሬያለሁ፤ ከእንግዲህ እተወዋለሁ።

ስለ ሃርዉድ ግን እኔም አንብቤያለሁ። ፍሬንች ራሱ ከሌሎች ጋር ሆኖ ኖርዌይ ውስጥ በጫማ ፋብሪካ ሲሞክረው ምርት ላይ ያን ያህል ልዩነት አላገኘም፤ በ1960 የወጣ ነው። ታዲያ ተሳትፎ መድኃኒት ነው ማለት ይቻላል?

የንባብ ሰው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:10

ጥሩ ነጥብ ነው፣ እኔም መጥቀስ ነበረብኝ። አይ፣ ለሁሉ ቦታ የሚሆን መድኃኒት አይደለም። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ተሳትፎው ሠራተኛውን በሚነካው ጉዳይ ላይ መሆኑንና ሠራተኛው እንደ ተገቢ መንገድ ማየቱን እንደ ቅድመ ሁኔታ ያነሣሉ። በትንሽ ነገር ላይ አሳትፈህ ትልቁን ለብቻህ ከወሰንክ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ሦስተኛ ወንበር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12:45

ይቺ የመጨረሻዋ መስመር ነች ያስጻፈችኝ። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የማነበው።

የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ክፍሎችን አዋህዳለሁ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ አስቀመጡን። ባለ ቀለም ወረቀት ታደለን፣ ሐሳባችንን ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ከልቤ ነው የጻፍኩት። ማታ እንኳ ቤቴ ሄጄ ሳስብበት አደርኩ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ዕቃ ልወስድ ወደ ቢሮ ብቅ ስል አዲሱ የመዋቅር ሥዕል ታትሞ፣ የሰው ስም ሁሉ ገብቶበት ፕሪንተሩ ላይ ተቀምጧል። ከታች የታተመበት ቀን አለ። ከስብሰባው በፊት ያለው ሳምንት ነው።

ወደ አዳራሹ ተመልሼ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈስኩም። እዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ በቀሩኝ ሁለት ዓመታት አንድም ሐሳብ አላቀረብኩም።

አስተባባሪዋ፣ ልትጠይቂያቸው ከሆነ ገና ያልተወሰነ ነገር ይዘሽ ሂጂ። ያለቀለትን ነገር «አስተያየት ስጡበት» ከማለት ዝም ማለት ይሻላል። የተወሰነውን ተወስኗል በያቸው፤ ያከብሩሻል።

አስተባባሪዋ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስተኛ ወንበር፣ ያንቺን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ትናንት ማታ እንደገና ወረድኩ፤ አሁን ግን ነግሬያቸው ነው። «ታብሌቱን ለምን አትጠቀሙም ብዬ አልመጣሁም፤ ደብተሩ ምን እንደሚሠራላችሁ አሳዩኝ» አልኳቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ ከሁሉም የቆዩት ሰውዬ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

አንድ ገጽ ላይ ያለውን ልንገራችሁ። «ፓምፕ 3፦ ይሠራል፣ ግን ሲነሣ ያቃስታል። እጅህን አስጠግተህ ስማው።» ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ፦ «ሰማሁት። ከትናንቱ ብሷል።» ከሱ ሥር በሦስተኛ እጅ፦ «ቤሪንግ ታዟል፤ እስኪመጣ ከ4 ሰዓት በላይ አታስኪደው።»

ታብሌቱን ከፍቼ ፓምፕ 3ን ፈለግኩት። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ምርጫ ነው ያለው፦ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም»። «አይሠራም» ካልክ ወዲያው የማቆሚያ ትዕዛዝ ይወጣል፣ ምክንያትህን አስረዳ ይባላል። ስለዚህ ሁሉም «ይሠራል» ይላሉ። ያ ነው አረንጓዴው። ደብተሩን ገልጬ ገልጬ ሳየው ከሞላ ጎደል በየገጹ «ግን» አለ። ሲስተሙ ውስጥ የ«ግን» ቦታ የለም።

ደብተሩን ሰብስቤ ቢሆን ኖሮ ያ ፓምፕ ምን ይሆን እንደነበር እያሰብኩ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

የንባብ ሰው | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:40

እህቴ፣ ሰውነቴን ነው የወረረኝ።

በ1951 ኤሪክ ትሪስትና ኬን ባምፎርዝ ስለ እንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን የጻፉት ጥናት አለ። ባምፎርዝ ራሱ 18 ዓመት ከሰል ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው፤ ለዚያ ይመስለኛል ሌላው ያላየውን ያየው። ድሮ ትናንሽ ቡድኖች ሥራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አብረው ይሠሩት ነበር። ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ ራሳቸው ይመርጣሉ፤ አንዱ ቢጎዳ ቤተሰቡን ሌላው ያያል። ከዚያ ማሽን መጣ። ሥራው በሦስት ሽፍት ተከፋፈለ፤ አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ ማጓጓዣውን ያዛውራል፣ አንዱ ይጭናል። የፊተኛው ሽፍት ያበላሸውን የኋለኛው ይሸከማል፣ ግን አይነጋገሩም። ማሽኑ ጥሩ ነበር። ምርቱ ግን የተጠበቀውን ያህል አልሆነም፣ ከሥራ መቅረትና መካሰስ በዛ።

እነሱ ያሉት ነገር ከዚያ በኋላ ትልቅ ትምህርት ሆነ። አዲስ መሣሪያ ስታስገቢ መሣሪያ ብቻ አይደለም የምታስገቢው። ሰዎች እርስ በርስ የተሳሰሩበትን ክርም እየነካሽ ነው። ሁለቱ አብረው ካልተነደፉ አንዱ ሌላውን ይሰብረዋል። ያ ደብተር ሦስቱን ሽፍት የሚያነጋግር ክር ነው። ሦስት የእጅ ጽሑፍ በአንድ ገጽ! ታብሌቱ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ነው የሚያናግረው።

የማታ ተረኛ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5:25

በጣም ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር ያስፈራኛል፤ ሳልናገረው አልተኛም።

አሁን አለቆችሽ ይህንን ሲሰሙ «እሰይ፣ ‹ግን› የሚል ሳጥን ጨምሩበት» ይላሉ። ሳጥኑ ይጨመራል። ከዚያ አንድ ሰው «ፓምፕ 3 ያቃስታል» ብሎ ይጽፋል፣ በማግሥቱ ደግሞ «ታዲያ ለምን አላቆምከውም?» ተብሎ ይጠራል። ከዚያ በኋላ «ግን» የሚል ሰው አታገኚም። ደብተሩም ከጠረጴዛው ላይ ይነሣና ኪስ ውስጥ ይገባል።

ኤሚ ኤድመንድሰን በ1996 ስለ መድኃኒት አሰጣጥ ስህተት ያሳተመችው ጥናት አለ። ጥሩ አመራር ያላቸው ክፍሎች ስህተታቸው ያንሳል ብላ ነበር የጠበቀችው። ቁጥሩ ተገልብጦ መጣ፤ ጥሩዎቹ ክፍሎች ጋ የተመዘገበው ስህተት ይበልጣል። ነገሩ ሲጣራ እነሱ ጋ ሰው ስህተቱን ሳይፈራ ይናገራል። ሌሎቹ ጋ ይደበቃል። ሥራዬ ላይ በየቀኑ የማየው ነው። አንዲት ነርስ መጠን ተሳስታ ሮጣ ስትነግረኝ ታካሚው ይተርፋል። ፈርታ ዝም ካለች አይተርፍም።

መጀመሪያ «የጻፍከው አያስቀጣህም» የሚለው ይረጋገጥ። ሳጥኑ ከዚያ በኋላ።

አንድ ሥራ አስኪያጅ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1:10

ይሰብሰብ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ፓምፕ 3 አሳመነኝ።

ከእኔ ወንበር ሆኜ የምረዳሽ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ለአለቆችሽ ስለ ሌዊን አትንገሪያቸው፤ ያቺን ገጽ አሳዪያቸው። ቴክኒሻኖቹን ፈቃድ ጠይቀሽ፣ ስም ሸፍነሽ። ሦስቱን የእጅ ጽሑፍ ከነዘይቱ። ከጎኑ የታብሌቱን «ይሠራል» አስቀምጪ። ከዚያ የምትጠይቂው ትንሽ ይሁን፦ አንድ ሽፍት፣ ስድስት ሳምንት፣ ደብተሩም ታብሌቱም ጎን ለጎን። ትንሽ ጥያቄን እምቢ ማለት ለእኛ ለኃላፊዎች ከባድ ነው። በዚያ ጊዜ ያ ሪፖርት ቀለሙ ቢቀየር ማንም እንደማይጠየቅበት አስቀድመሽ በጽሑፍ አስፈርሚ። እኔ ብሆን ይሄን ሳላስፈርም አልጀምርም።

ሦስተኛ ወንበር | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:30

የኔንም ጨምሪበት፦ ሳጥኑን ማን ይንደፈው የሚለውን እነሱ ይወስኑ። የሲስተም ሰዎቹ እነሱ ጋ ይምጡ፣ እነሱ ወደ ፎቁ አይጠሩ።

አስተባባሪዋ | እሑድ፣ ከቀኑ 10:20

ዓርብ ከሰዓት ገጹን ይዤ ገባሁ። ስድስት ሳምንቱ ተፈቀደ፣ ለማታው ሽፍት ብቻ። ማንም በቀለሙ እንደማይጠየቅ የሚለውም ተፈርሟል። አንደኛው ኃላፊ ገጹን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ይቺ የመጨረሻዋ የማን ጽሑፍ ነች?» አሉኝ። አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልደገሙም።

ትናንት ማታ የሲስተሙ ባለሙያ መጣልን። ሁለት ቴክኒሻኖችና እሱ የመሣሪያ ሳጥን ላይ ተቀምጠው በእርሳስ ሲስሉ አመሹ። ሳጥኑን አልፈለጉትም። የፈለጉት የሦስት ሽፍት ማስታወሻ አንድ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች እንደ ደብተሩ የሚታይበት ገጽ ነው። ባለሙያው «ይሄማ ቀላል ነው፣ ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። እኔ ነበርኩ መመለስ ያለብኝ፤ አምስት ወር ሙሉ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ልወጣ ስል እኚያ የቆዩት ሰውዬ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ደብተሩን የምናነበው እኛ ነን። ይሄንን አዲሱን ከእኛ ሌላ የሚያነበው ማን ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ የሌለኝን ቃል መስጠትም አልፈለግኩም። «ጠይቄ እመጣለሁ» አልኳቸው። ነገ ጠዋት 2:30 ላይ ከኃላፊዬ ጋር ቀጠሮ አለኝ። ይዤ የምገባው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ያሉኝን ማታ ወርጄ ነግሬያቸው፣ ከዚያ እዚህ እጽፍላችኋለሁ።